አፍ የለውም የተባለው ድንኳን

አንድ እድር ነበረ፣ በአንዲት ዳገታማ ከተማ የታችኛው ሰፈር ውስጥ። እድሩ ያረጀ ነው፤ ድንኳኑ ያረጀ፣ ዳኛው አቶ ሽብሩም ያረጁ። ሰው በሞተ ቁጥር የሚሮጡት እሳቸው ናቸው። ድንኳን ያስወጣሉ፣ ወንበር ያስጭናሉ፣ መቃብር ያስቆፍራሉ፣ ጥሩምባ ነፊውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳሉ። አንዳንዴ ድንኳኑ ይዘገያል። አንዳንዴ ወንበሩ ሌላ ቤት ይሄዳል። አንድ ጊዜማ የለቅሶው ወንበር ሠርግ ቤት ተገኝቶ፣ ሙሽራው የእድሩ ስም በነጭ ቀለም በተጻፈበት ወንበር ላይ ጉብ ብሎ ሲታይ፣ ሰፈሩ ለሰሞኑ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

እዚያ ሰፈር ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ሁለት ልጆች አሏቸው። ወንዱ ዳምጠው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የበረሃውን መንገድ ይመላለሳል። ሲመጣ ግቢው በሳቅ ይሞላል፣ ሲሄድ እናቱ መንገድ መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። ሴቷ ትርሲት የኮምፒውተር መሐንዲስ ናት። ሰፈሩ ሥራዋን በውል አያውቀውም። ቴሌቪዥን የተበላሸበት ሁሉ እሷን ያስጠራል፤ እሷም "እኔ የምሠራው ይሄን አይደለም እኮ" እያለች ትጠግንላቸዋለች። አንገቷን ደፍታ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ነገሩ እስኪገባት ድረስ የሰጧትን ውሃ እንኳ የማትነካ ልጅ ናት።

ወይዘሮ አስካለ አንድ የቆየ ቁስል ነበራቸው። ባላቸው ለሥራ ሩቅ ሄደው በሞቱ ጊዜ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ ሊያረዳቸው ሲዘጋጅ፣ እሳቸው ምንም ሳያውቁ ትርሲትን በእጃቸው ይዘው ገበያ ወረዱ። ሽንኩርት ተራ ላይ ጎረቤታቸው ጠጂቱ አገኘቻቸው። ጠጂቱ የሰሙ መስሏት፣ "ውይ አስኩዬ፣ በዚህ ሐዘንሽ ላይ ገበያ ያወጣሽ ምን ቢቸግርሽ ነው?" አለች። ሴትዮዋ ከመሬት ተደባለቁ። የያዙት ዘንቢል ተገልብጦ ሽንኩርቱ ቁልቁለቱን ተንከባለለ። ትርሲት ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። የምታስታውሰው እናቷ ሲጮኹ እሷ ሽንኩርቱን ልትይዝ ስትሮጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ አስካለ ጠጂቱን ዓመታት ሙሉ ሰላም አላሏትም። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣባቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ የውሃ ወረፋ ላይ ካገኟት ጀሪካናቸውን ትተው ይመለሳሉ። ኋላ፣ ፋሲካ ሊገባ ሲል፣ ጠጂቱ ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ ደጃቸው ቆመች። አንገቷ ከድንጋዩ ሥር ሲንቀጠቀጥ አዩ። "አውርጂው" አሏትና በገዛ እጃቸው አወረዱላት። ተያይዘው አለቀሱ። ከዚያች ቀን በኋላ ከእህት በላይ ሆኑ፤ የድንጋዩን ነገር ሰው ቢያነሳ መጀመሪያ የምትስቀው ጠጂቱ ናት።

ይሁን እንጂ ወይዘሮ አስካለ ልጃቸውን ቃል አስገብተዋታል።

"ትርሲት፣ አንድ ቀን ክፉ ቢመጣ ከአንቺ አፍ ልስማው። ቁጭ አድርገሽ፣ እጄን ይዘሽ። እንደዚያን ጊዜ ሜዳ ላይ አልስማ።"

"እሺ እማዬ" አለች ትርሲት። ታሪኩ ሁሉ የዚህ እሺታ ታሪክ ነው።

እድሩ ደከመ፣ ዳኛውም ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ ሲባል ትርሲትን ጠሯት። እሷም ከሥራዋ መልስ እየተቀመጠች ሠርታ፣ አንድ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆመች።

"የሠራሁላችሁ አንድ ማሽን አይደለም" አለች። "ብዙ ወኪሎች ናቸው። ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖሩ፣ እንደ ሰው ሥራ የተከፋፈሉ። አንዱ ስለ ድንኳን ያስባል፣ አንዱ ስለ ወንበር፣ አንዱ ስለ ድንኳን ተካዮቹ፣ አንዱ ስለ መቃብር። አንዱ ደግሞ በየስልካችሁ ይለፍፋል። እኔ ቆሜ አላዛቸውም። ራሳቸው ያስባሉ፣ እርስ በርሳቸው ይማከራሉ፣ ይወስናሉ።"

"ይጣላሉ?" አሉ አቶ ሽብሩ።

"አይጣሉም። ተደራድረው ይስማማሉ።"

"እንግዲያው ከእኛ ኮሚቴ ይሻላሉ" አሉ፤ አዳራሹ ሳቀ። ከኮሚቴው መካከል ያልሳቁም ነበሩ።

ከወኪሎቹ ሁሉ ትርሲት ልቧን የጣለችበት አንድ ነበር። ዝምታ ጠባቂ አለችው። ሥራው መርዶ ያልተነገረውን ሰው መጠበቅ ነው። ሞት በተመዘገበ ቁጥር፣ ቤቱ ተረድቷል እስኪባል ድረስ፣ አፍ ያለው ወኪል ሁሉ እሱን ሳያስፈቅድ ቃል አይተነፍስም። ለፋፊው፣ መልእክት አድራሹ፣ ለሚደውል ሰው መልስ የሚሰጠው፣ ሁሉም በእሱ ሥር ታሰሩ። ይህን ስትሠራ ያ የሽንኩርት ቁልቁለት ከዓይኗ አልጠፋም።

የድንኳኑን ወኪል ግን አላሰረችውም። የወንበሩንም። ሳታስበው ቀርታ አይደለም፤ አስባበት ነው የተወችው። "ድንኳን ምን አፍ አለው" አለች ለራሷ፣ "ዕቃ ነው።" በዚያ ላይ የታሰረ ወኪል ይዘገያል፣ እድርተኛው ደግሞ የተማረረው በመዘግየት ነው። ሌላም ደንብ ጨመረችላቸው፤ ይሄኛው ከደግነቷ የመጣ ነው። ሐዘንተኛን በጥያቄ አታድክሙ አለቻቸው። ልቡ የተሰበረ ሰው ወንበሩ የት ይደርደር እየተባለ አይጠየቅ፤ እናንተው ጨርሱት።

ሲሞከሩ እያንዳንዳቸው ለብቻ ተሞከሩ። የድንኳኑ ወኪል እድሩ ግቢ ውስጥ ድንኳን አስመጣ፤ በሰዓቱ መጣ። የወንበሩ ወኪል ወንበር አስጫነ፤ አንድም አልጎደለ። ዝምታ ጠባቂው ለፋፊውን ዝም በል አለው፤ ዝም አለ። ሁሉም አንድ ላይ፣ በአንድ ቤት ደጃፍ ላይ፣ እውነተኛ ለቅሶ እንደሚሆነው ሆኖ ግን አልተሞከረም። ቤቱን ለልምምድ ለቅሶ የሚሰጥ ማን አለ? ትርሲት አንድ ቀን እንደ ቀልድ አድርጋ እናቷን ጠየቀቻቸው።

"እማዬ፣ እኛ ቤት ሰው የሞተ አስመስዬ ድንኳኑን ላስመጣው?"

ወይዘሮ አስካለ አማተቡ። "ሟርተኛ። አፍሽን ታጠቢ። እኔ ደጅ ድንኳን አይተከልም።"

"እሺ፣ ተውኩት" ብላ ሳቀች። እውነትም ተወችው። ሌላ ቤት እንዳትጠይቅ፣ ሌላውም ቤት እናት አለ፤ ሟርት ማን ይወዳል።

ነገሩ መጀመሪያ ሰመረ። በዚያ ክረምት የሞቱት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በየአልጋቸው፣ ልጆቻቸው ዙሪያቸውን ቆመው። መርዶ የሚነገረው ሰው አልነበረም፤ አልቃሹ ሁሉ ሞቱን በዓይኑ ያየ ነው። ድንኳኑ ለቅሶው ሳይበርድ ይደርሳል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ መቃብሩ ተቆፍሮ ይጠብቃል። ወይዘሮ አስካለ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው "ይሄን የሠራችው የእኔ ልጅ ናት" ይላሉ፤ ሰው ባይጠይቃቸውም ይላሉ። "ለቅሶ ላይ ጉራ" ብለው ከንፈር የመጠጡባቸውም ነበሩ። አቶ ሽብሩ እፎይ አሉ። ስልካቸው "ሁሉም ተዘጋጅቷል" ባላቸው ቁጥር "ተመስገን" ብለው ጋደም ይላሉ።

ከዚያ አንድ ማለዳ የዳምጠው ረዳት ለትርሲት ደወለ። የበረሃው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንዳልያዘ፣ ዳምጠው እሱን "ዝለል" ብሎ ገፍትሮ እንዳዳነው፣ ራሱ ግን እንዳልወጣ ነገራት።

ትርሲት መሥሪያ ቤቷ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያለቀሰችው ጥቂት ነው፤ ቃሉ ነበረባታ። አጎቷ ጋ ደወለች። አጎቷ ከገጠር እስኪደርሱ፣ ዘመድ እስኪሰባሰብ ተጠብቆ፣ በነጋታው ጎህ ሲቀድ ሁሉም አብረው ሄደው ወይዘሮ አስካለን እንዲያረዱ ተቆረጠ። የምትናገረው እሷ ናት፣ እጃቸውን ይዛ። እስከዚያ ቤቷ አትሄድም፤ እናቷ ፊቷን ካዩ ያውቁባታል። ቀትር ላይ ድምፅዋን አስተካክላ ደወለችላቸውና "ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል፣ አመሻለሁ" አለቻቸው። ከዚያ አቶ ሽብሩ ቤት ጓዳ ገብታ ተቀመጠች።

ሬሳው በነጋታው ስለሚደርስ መቃብሩ መቆፈር ነበረበት። ስለዚህ አቶ ሽብሩ ሞቱን ለወኪሎቹ መዘገቡ፤ "እናት አልተረዱም" የሚለውንም ጨመሩበት። ዝምታ ጠባቂው ወዲያው ሥራውን ያዘ። ሰፈሩ በሙሉ በስልኩ "ዳምጠው አርፏል፤ ለቤቱ እንዳይነገር" የሚል ደረሰው። የወይዘሮ አስካለ ስልክ ብቻ ዝም አለ። ትርሲት ይህን አየች። "ሠራ" አለች በልቧ፤ ወዲያውም በወንድሟ ሞት ቀን በሥራዋ ደስ በመሰኘቷ አፈረች።

አቶ ሽብሩ አጠገቧ ተቀምጠው አነጋገሩን ያለማምዷት ጀመር።

"መጀመሪያ ታሟል ትያለሽ። ድንገት ሞተ አይባልም።"

"ታሟል ስላቸው 'ልሂድለት' ቢሉኝስ?"

"ያኔ እጃቸውን ትይዣለሽ። እኔም አጎትሽም በግራ በቀኝ አለን። ከዚያ ማለት የሚገባሽን ትያለሽ፤ አፍሽ ራሱ ያገኘዋል።"

"እማዬ..." አለች ትርሲት፣ ባዶውን ጓዳ እያየች። "እማዬ፣ ዳምጠው..." ከዚያ በላይ አልቻለችም። እንደገና ጀመረች። እንዲህ እያለች ከሰዓቱን ገፋችው።

ሰፈሩስ ዝም ብሎ ነበር፤ የሰፈር ዝምታ ግን ያስታውቃል። የተበደረችውን ወንፊት ዓመት ሙሉ ያልመለሰች ሴት ያን ቀን ልትመልስ መጣች። ሌላዋ ጨው አለቀብኝ ብላ መጥታ ጨዉን ሳትይዝ ሄደች። ጠጂቱም መጣች፣ ዓይኗ ቀልቶ።

"ምነው?" አሏት ወይዘሮ አስካለ።

"ሽንኩርት ስከትፍ ቆይቼ ነው።"

"ዛሬ ደግሞ ምን ሆናችሁ ነው የምትመላለሱብኝ? ቤቴ ንግሥ ያለ መሰለ እኮ።"

ጠጂቱ ፊቷን አዞረች። "መጣሁ" ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ወኪሎቹ ይማከሩ ነበር። የድንኳኑ ወኪል ለነገ ማለዳ ሰው ጠየቀ። የድንኳን ተካዮቹ ወኪል፣ "ነገ ማለዳ ሰዎቹ በሙሉ ለሠርግ ተይዘዋል፤ ዛሬ ከሰዓት ግን ነፃ ናቸው" አለ። የወንበሩ ወኪል፣ "የእኔም ወንበሮች ከሌላ ለቅሶ ቤት እየተመለሱ ነው፤ መጋዘን ከሚገቡ በዚያው ይለፉ" አለ። ተስማሙ። ማንም ብልህ ሰው ቢሆን የሚስማማው ስምምነት ነው። ዝምታ ጠባቂው አልተጠየቀም፤ ከሦስቱ አፍ ያለው አልነበረማ። ትርሲትም አልተጠየቀችም፤ የሟች እህት ናት፣ ሐዘንተኛን ደግሞ አታድክሙ ተብለዋል። አቶ ሽብሩን ስልካቸው "ሁሉም ተዘጋጅቷል" አላቸው። የነገው መስሏቸው "ተመስገን" አሉና ጓዳ ላለችው ልጅ ውሃ ሊያመጡላት ተነሡ።

ከዚያ የሆነውን ትርሲት በዓይኗ አላየችም። ከድንኳን ተካዮቹ፣ ከጠጂቱ፣ በየአጥሩ ከቆመው ሰው ሁሉ አፍ እየለቀመች ሰማችው፤ ውሎ አድሮ ግን ቆማ ያየችው ያህል ሆነባት።

የጭነት መኪናው ወይዘሮ አስካለ ደጅ ቆመ። ሰዎቹ የሌላ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ማንንም አያውቁም። ስልካቸው ያሳያቸውን ቦታ አይተው ምሰሶ ማውረድ ጀመሩ። በየአጥሩ ያለው ሰው አየ፤ ተጠግቶ ቢያስቆማቸው መርዶውን የሚያወጣ መስሎት ግን አልደፈረም። ወይዘሮ አስካለ ኳኳታውን ሰምተው ወጡ። ድንኳኑን ሲያዩ ዓይናቸው ወዲያው የሄደው ወደ ጎረቤታቸው ወደ አለቃ ጥሩነህ ቤት ነው። አለቃ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ ሰፈሩ ዛሬ ነገ ሲላቸው የከረሙ ሽማግሌ ናቸው።

"ወይኔ አለቃ" አሉ። "ለካ ሰዉ የሚመላለስብኝ ለዚህ ኖሯል። እንዳልደነግጥ ብለው ነው።" ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ። ወዲያው ደግሞ ሥራ ፈት መቆም የማይችሉ ሴት ናቸውና ውሃ በጣሳ አመጡላቸው።

"ልጆቼ፣ ካስማውን እዚያ ጋ አትምቱት፤ ከሥሩ የውሃ ቧንቧ አለ። ወደ እኔ አጥር አስጠጉት። የአለቃ በር ጠባብ ነው፣ የእኔን ደጅ እንደልባችሁ ተጠቀሙበት። ለአለቃ ያልሆነ ደጅ ለማን ይሆናል።"

"እግዜር ይስጥልን እናቴ" አለ መዶሻ የያዘው።

"ያቺን ገመድ ሳባት፣ ላልታለች። ቆይ፣ እኔ ልያዝልህ። ይሄን ሁሉ ያስተካከለችው ልጄ ናት እኮ፤ ድሮ ቢሆን ድንኳኑ ከቀብር በኋላ ነበር የሚደርሰው።"

ገመዱን ያዙለት፤ እሱ ካስማውን መታ። እንግዲህ አስቡት፣ የገዛ ልጃቸውን ድንኳን ገመድ ነው የያዙት።

ድንኳኑ ቆመ። ወይዘሮ አስካለ ወደ አለቃ ቤት ለማልቀስ ሊራመዱ ሲሉ ከአጥሩ ወዲያ ሳል ሰሙ። ረጅም፣ የታወቀ ሳል ነው። ከሳሉም ቀጥሎ፣ "ማነው ደጁ ላይ የሚደበድበው? እረፉ እንጂ፣ በሽተኛ አለ እዚህ" የሚል የአለቃ ጥሩነህ የተቆጣ ድምፅ መጣ።

ወይዘሮ አስካለ ባሉበት ቀሩ። ዘወር ብለው መዶሻ የያዘውን ሰው አዩት።

"አለቃ ካልሞቱ፣ ይሄ የማን ነው?"

ሰውየው ስልኩን አወጣ። "ወይዘሮ አስካለ ቤት ነው የተባልነው፣ እናቴ። ቤታቸው የቱ ነው?"

"አስካለ እኔ ነኝ" አሉ።

ሰውየው ስልኩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ወይዘሮ አስካለ ግን አልጮኹም ገና። ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ተናገሩ። "እኔ አለሁ። ትርሲት ቀትር ላይ ደውላልኛለች። አመሻለሁ ብላኛለች።" የበረሃው መንገድ ወደሚወጣበት ወገን ዞሩ። "እንግዲያ ዳምጠው ነው" አሉ።

ማንም አልነገራቸውም። ራሳቸውን በራሳቸው አረዱ፤ ደጃቸው ላይ ቆመው፣ እጃቸውን የሚይዝላቸው ሰው ሳይኖር።

ትርሲት ጩኸቱን ከአቶ ሽብሩ ጓዳ ሆና ሰማች። ያንን ድምፅ ከሽንኩርት ተራው ጀምሮ ታውቀዋለች። ጫማዋን ሳታደርግ ዳገቱን ወጣች። ስትደርስ ጠጂቱ መሬት ላይ ተቀምጣ የወይዘሮ አስካለን ራስ ጭኗ ላይ ይዛለች። ትርሲት ተንበርክካ የእናቷን እጅ ያዘች። ስትለማመደው የዋለችውን ቃል የሚሰማት አልነበረም። ከበላያቸው ድንኳኑ ተወጥሮ ቆሟል፣ ወንበሩ ተደርድሯል። ዘግይቶ የመጣ አንድ ለቀስተኛ፣ ነገሩን ሳያውቅ፣ "እንዴት ያለ ዝግጅት ነው፣ እንዲህ ያለ እድር አይቼ አላውቅም" አለ።

ለቅሶው አልፎ ቤቱ ጭር ሲል ሰፈሩ ጥፋተኛ ይፈልግ ጀመር። ድንኳን ተካዮቹን የወቀሰ አለ፤ አቶ ሽብሩን የወቀሰ አለ፤ ለምን ተጠግቼ አላስቆምኳቸውም ብላ ራሷን የወቀሰች ጠጂቱ አለች። ወይዘሮ አስካለ ግድግዳ እያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን ልጃቸውን ጠርተው አስቀመጧት።

"ንገሪኝ። ያንን ድንኳን የላከው ማነው?"

"የድንኳኑ ወኪል ነው እማዬ። እሱ ግን ለነገ ነበር ያሰበው፤ ነገ ሰው የለም ተብሎ ነው።"

"የለም ያለውስ?"

"የድንኳን ተካዮቹ ወኪል። እሱም አልዋሸም፤ ሠርግ ነበረ።"

"ያ ዝም የሚያሰኘውስ?"

"ዝም አሰኝቷል። ያንቺ ስልክ አልጮኸም።"

"ሽብሩስ?"

"የነገው መስሏቸው ነው።"

ወይዘሮ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ። "በአባትሽ ጊዜ የምቀየመው ሰው ነበረኝ። ጠጂቱን ስንት ዓመት ተቀየምኳት። ቂሙ ራሱ ደግፎ አቁሞኝ ነበር። ኋላ ድንጋዩን ተሸክማ መጣች፤ ሳወርድላት ከእኔም ላይ አብሮ ወረደ። ዛሬስ ማንን ልቀየም? ሁሉም ሥራውን ሠራ ነው የምትይኝ። ሁሉም ሥራውን ከሠራ፣ እኔን ደጄ ላይ የጣለኝ ማነው? ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣልኝስ ማነው?"

ትርሲት ተነሣች። ሄዳ ወኪሎቿን አንድ በአንድ ፈተሸቻቸው። የድንኳኑን ከፈተች፤ ንጹሕ ነው። የወንበሩን ከፈተች፤ ንጹሕ ነው። ዝምታ ጠባቂውን ከሁሉ አስበልጣ መረመረችው፤ አንድ እንከን የለበትም። ጥፋተኛ ብታገኝ እንዴት ደስ ባላት ነበር። በመጨረሻ እነሱን ትታ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ አየች፤ አንዱ ለሌላው ያልነገረውን፣ ማንም ማንንም ያልጠየቀበትን። ጥፋቱ የተቀመጠው እዚያ ነበር። ያንን ባዶ ቦታ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሠራቸው ነው።

የዳምጠው አርባ በወጣ ማግስት ወይዘሮ አስካለ ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ ትርሲት ደጁ ላይ ቆማለች። ካስማው የተመታበት ጉድጓድ ገና አልተደፈነም፤ ከእሱ አጠገብ ነው የቆመችው። ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማለች። ሰፈሩ በየአጥሩ ሆኖ ያያል።

"ምን ሆነሻል? ልጅ ለእናቱ ድንጋይ ይሸከማል እንዴ?" አሉ።

"ወኪሎቹ አንገት የላቸውም እማዬ። የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ድንኳን አፍ የለውም ያልኩት እኔ ነኝ። እኔን ተቀየሚኝ።"

ወይዘሮ አስካለ ድንጋዩን አዩ። ቶሎ አላወረዱላትም። እውነቱን ለመናገር ቶሎ ማውረድ አልቻሉም፤ ለካ ተቀይመዋት ኖሯል፣ እስከዚያች ሰዓት ግን ለራሳቸውም አልነገሩትም። የልጅቷ አንገት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠጂቱ ከአጥር ወዲያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በመጨረሻ ተራመዱና ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ልጄን ግን አይመልስልኝም" አሉ።

"አይመልስም" አለች ትርሲት።

አወረዱት። ተያይዘው ተቀመጡ፤ በዚያች ጠዋት ያለቀሱት ነው የልብ ለቅሶ የሆነላቸው።

ትርሲት ወኪሎቹን አላጠፋቻቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን ድንኳንም፣ ወንበርም፣ አካፋም ዝምታ ጠባቂውን ሳይጠይቅ ከቦታው አይነቃነቅም። ዝምታ ጠባቂውም አንድ ሰው ስሙን ጠርቶ "እኔ ነግሬያቸዋለሁ፣ እጃቸውንም ይዤ ነበር" እስኪል ድረስ አይፈቅድም። ይህን ጨርሳ ስታበቃ የቀረው ሁሉንም አንድ ላይ መሞከር ነበር። የማን ደጅ ላይ ትሞክረው? አፏ አልደፍር ብሎ ስትንቆራጠጥ እናቷ ገባቸው።

"እኔ ደጅ ላይ ሞክሪው" አሉ። "ሟርቱ እንደሆነ እኔ ላይ አልቋል።"

ይህን ያነበባችሁ፣ ነገሩ ስለ ኮምፒውተር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ሠራተኛ ያሰማራ ሰው "እያንዳንዱ ሥራውን በትክክል ሠርቷል" ሲል ገና ግማሹን ነው ያየው። ለየብቻቸው ደጎች የሆኑ፣ አብረው ሲቆሙ ልብ ሊሰብሩ ይችላሉ። አፍ የለውም የተባለ ነገር በአደባባይ ይናገራል። ጥፋት በሰዎችና በሥራዎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ሲቀመጥ ደግሞ ባለቤት አይኖረውም፤ ባለቤት የሌለው ጥፋት ይቅርታ አይጠየቅበትም፣ ይቅርታ ያልተጠየቀበት ሐዘንም አይሽርም። ስለዚህ ብዙ እጆችን ያሰማራ ሰው፣ በእጆቹ መካከል ላለው ባዶ ቦታ ድንጋይ የሚሸከም አንገቱን አብሮ ያዘጋጅ።

እናንተስ በሠራችሁት ነገር ውስጥ "ይሄ ምን ይናገራል" ብላችሁ ሳታስሩ የተዋችሁት ድንኳን የቱ ነው? ማንስ ደጅ ላይ ይተከል ይሆን?